ከመኪና የራቀ የጠጠር መንገድ የብስክሌት ጉዞ እንዴት ይነደፋል?

በጠጠር መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው ከኋላው የሚመጣበትን መኪና ነው። መኪና የማይደርስበትን ረጅም መንገድ ማግኘት ግን ካርታ ከፍቶ ቀጭኗን መስመር ከመከተል የበለጠ ሥራ ይጠይቃል፤ ቀኑን የምታበላሸው ሁልጊዜ ሁለት ጥሩ መንገዶችን የምታገናኘው አጭር ክፍል ናትና። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል የተማርኩት ብስክሌቴን ከአንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ በትከሻዬ ተሸክሜ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ የጉዞውን አከርካሪ መምረጥ

መጀመሪያ የሚፈለገው ረጅምና ያልተቆራረጠ መንገድ ነው። ከሁሉም የምመርጠው ሐዲዱ የተነሳለትን የባቡር መስመር ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መሐንዲሶቹ ተዳፋቱን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ አያሳልፉትም ነበር፤ ኮረብታ ሲገጥማቸው ይቆርጡታል ወይም ይበሱታል፣ ሸለቆ ሲገጥማቸው ድልድይ ይዘረጉበታል። ሐዲዱ ተነስቶ ደቃቅ ጠጠር ሲለብስ ይህ ሁሉ ድካም ለብስክሌተኛው ይተርፋል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ የሚዘልቀው 51 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲህ ከተለወጡት ቀደምት መስመሮች አንዱ ሲሆን 3 ዋሻዎች አሉት፤ ረጅሙ ዋሻ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ የሚጓዝ ሰውም መብራት መያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ምርጫ ጀልባ ይጎትቱ ለነበሩ በቅሎዎችና ፈረሶች የተሠራው የቦይ ዳር መንገድ ነው፤ ውሃው ሜዳ ላይ ስለሚተኛ መንገዱም ሜዳ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የጎርፍ መከላከያ ግድብ አናት ላይ ያለው መንገድና የደን መንገድ ይመጣሉ። የደን መንገድ ግንድ ለሚጭኑ ከባድ መኪኖች ስለሚሠራ መሠረቱ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ዛፍ በሚቆረጥበት ወቅት እነዚያው መኪኖች ይመላለሱበታል፤ ስለዚህ ሥራ የሌለበትን ቀን መምረጥ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የተለያየ መልክዓ ምድር ማገናኘት

የቦይ ዳር መንገድ ብቻውን ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቻል። ጉዞው እንዲጥም የውሃ ዳርን፣ ጫካንና ክፍት እርሻን ማፈራረቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በዚያው በአሜሪካ ከዋሽንግተን ከተማ እስከ ከምበርላንድ ከተማ 297 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ነው፤ ከምበርላንድ ላይ ተራራውን አቋርጦ ወደ ፒትስበርግ ከሚሄደውና 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚረዝመው የቀድሞ ባቡር መንገድ ጋር ይገናኛል። ለብዙ ቀናት በውሃ ዳር የመጣ ተጓዥ፣ አስፋልት ሳይናፍቅ፣ ወንዞች ወደ ሁለት አቅጣጫ እስከሚለያዩበት የተራራ ጫፍ ድረስ ቀስ ብሎ ይወጣል። የአንድ ቀን ጉዞም በዚሁ መንገድ በትንሹ ሊነደፍ ይችላል። ክፍት ሜዳውን ነፋስ ከኋላ በሚሆንበት የመመለሻ ክፍል ላይ ማድረግ ጉልበት ይቆጥባል።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን መገናኛ በዓይን መመርመር

ችኮላ የማይፈቀደው እዚህ ላይ ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ሁለት ነጥብ ሲሰጧቸው በቅጽበት መስመር ይስላሉ፤ ብዙዎቹም መረጃቸውን የሚወስዱት በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ካርታ ነው። በዚህ ካርታ ላይ የእርሻና የደን መንገዶች ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይመደባሉ፤ 1 የተነጠፈ ወይም እንደ ንጣፍ የጠነከረ፣ 5 ደግሞ ለስላሳ አፈር፣ አሸዋ ወይም ሣር ነው። እኔ እስከ 3 ድረስ ያለውን ያለ ስጋት እቀበላለሁ፤ 4ን በደረቅ ወቅት ብቻ፣ 5ን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር «ግራቭል» (በእንግሊዝኛ ጠጠር) የሚለው ምልክት ነው፤ በዚህ ካርታ ሕግ መሠረት ቃሉ ሐዲድ ሥር እንደሚፈሰው ያለ የተፈጨ ትልቅ ድንጋይ ማለት ነው። ብስክሌተኛው የሚፈልገው የተጠቀጠቀ ወይም ደቃቅ ጠጠር ግን በሌላ ምልክት ይመዘገባል።

ምልክቱ ካልተሞላ ወይም ከተጠራጠሩ ወደ ሳተላይት ምስል መሄድ ግድ ነው። ነጣ ብሎ ወጥ ስፋት ያለው መስመር ብዙውን ጊዜ ጠጠር ነው። ሁለት የጎማ ዱካና በመካከላቸው አረንጓዴ ሣር ከታየ መንገዱ ይነዳል፤ ነገር ግን ከዝናብ በኋላ ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል። መስመሩ እርሻ ዳር ደርሶ ከደበዘዘ፣ አራሹ አርሶት ይሆናል ብሎ መጠርጠር ነው። ወንዝ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ድልድዩን ወይም ጥላውን ካላየሁ፣ ድልድይ የለም ብዬ እወስናለሁ። ምስሉ የተነሳበትን ወቅትም ማስተዋል ተገቢ ነው፤ በደረቅ ወራት የተነሳ ምስል ረግረጉን ሜዳ አስመስሎ ያሳያል።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ 70 ኪሎ ሜትር ዙር ጉዞ ነድፌ ሁሉንም ስመረምር ሁለት የደን መንገዶችን የምታገናኝ 3 ኪሎ ሜትር የምትሆን ካርታው ላይ በተቆራረጠ መስመር የተሳለች መንገድ ብቻ ሳልመረምራት ቀረችኝ፤ «ለ3 ኪሎ ሜትር ምን ይመጣል» ብዬ አለፍኳት። ቦታው ሸክላ አፈር ነበር፣ ዋዜማውን ደግሞ ዘንቦ ነበር። ጭቃው በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማው መዞር አቆመ፤ እኔ ግን ፔዳሉን በግድ ስረግጥ ጭቃ የያዘው የማርሽ መቀየሪያ ተጠምዝዞ ተሰበረ። ያቺን 3 ኪሎ ሜትር ብስክሌቱን ተሸክሜ፣ የቀረውን እየገፋሁ፣ መሸብኝ፤ መብራትም አልያዝኩም ነበር። ሸክላ አፈር ላይ ጎማ መክበድ ሲጀምር የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወዲያው ወርዶ፣ ጭቃውን በእንጨት ፍቆ፣ በመጡበት መመለስ።

ብዙ ሰው የሄደባቸውን መንገዶች አድምቀው የሚያሳዩ ካርታዎች ይረዳሉ፤ ይሁን እንጂ የደመቀው በእግረኞች ሊሆን ስለሚችል የብስክሌቱን ለይቶ መክፈት ይገባል። በተጨማሪም በርና የግል ይዞታ ምልክት ያለበትን መንገድ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ በጉዞው ውስጥ ማካተት ከጠብ በቀር ትርፍ የለውም።

ደረጃ 4፦ ዳገቱን መለካት

የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ በተሳሉበት ካርታ ላይ መንገዱ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 5 መስመሮችን ካቋረጠ 100 ሜትር ወጣ ማለት ነው፤ ይህም 10 በመቶ ይሆናል። በልል ጠጠር ላይ እንዲህ ባለ ዳገት ከኮርቻ ተነስቶ የሚነዳ ሰው የኋላ ጎማው ይሽከረከርበታል፤ ተቀምጦ በቀላል ማርሽ መውጣት ይሻላል። መተግበሪያው የሚሰጠውን ጠቅላላ የከፍታ ድምር በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ ዋሻ ባለበት መንገድ ላይ አንዳንዶቹ ከዋሻው በላይ ያለውን ኮረብታ እንደወጡት አድርገው ይደምራሉ።

ደረጃ 5 እና 6፦ ማውረድና ጎማ ማዘጋጀት

ካርታውንም መስመሩንም ያለ ኔትወርክ እንዲከፈቱ አድርጎ ስልክ ላይ ማውረድ ነው፤ ሌላ የሚባል የለም።

ጎማን በተመለከተ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ለአብዛኛው የጠጠር መንገድ በቂ ነው። ጀማሪዎች የሚሠሩት ስሕተት ጎማውን ለአስፋልት እንደሚነፋው አጠንክሮ መንፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ጎማ በየጠጠሩ ላይ ይዘላል፣ እጅንም ያደነዝዛል። 70 ኪሎ ግራም አካባቢ ለሚመዝን ሰው በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት ዋጋ የለውምና መለኪያ ያለው መንፊያ መግዛት ከውድ ኮርቻ ይቀድማል። የውስጥ ጎማ የሌለውና ቀዳዳውን በፈሳሽ የሚደፍነው ቱብለስ ጎማ እሾህ ላለበት አገር የሚመረጥ ነው፤ ሆኖም ሹል ድንጋይ ጎኑን ከቀደደው ፈሳሹ አይደፍነውም፤ ስለዚህ አንድ የውስጥ ጎማ መያዝ አይቀርም።

ደረጃ 7፦ መውጣት

በጠጠር ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብሎ ማስላት ከሚያሳፍር ተስፋ ያድናል። በየ15 ኪሎ ሜትሩ ወደ መኪና መንገድ የሚያወጣ መውጫ ካርታው ላይ ምልክት ይደረግበት። የተዘጋ በር ከፍተው ካለፉ በኋላ መልሶ መዝጋት፣ ከብት ሲያጋጥም መውረድ፣ እግረኛ ከኋላ ሲቀርቡት ቀድሞ ድምፅ ማሰማት ያስፈልጋል።

ከተመለሱ በኋላ የተሳሳተ ሆኖ የተገኘውን መንገድ ካርታው ላይ ማረም ይቻላል፤ ነፃ የተጠቃሚ መዝገብ መክፈት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያቺን የ3 ኪሎ ሜትር ጭቃ 5 ብዬ የመዘገብኳት እኔ ነኝ።