ጉሮሮ እስኪደነዝዝ መጠበቅ

ብሮንኮስኮፒ (በቀጭን ካሜራ የአየር ቧንቧንና ሳንባን ማየት) ሲጀመር በሽተኛው በሳል ተንዘፍዝፎ የሐኪሙን እጅ ሲገፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጉሮሮ የሚያደነዝዘው መድኃኒት ማነስ አልነበረም። መድኃኒቱ ከተረጨ ደቂቃ ሳይሞላው ካሜራው ገብቶ ነው። በአንስቴዥያ (ማደንዘዣ) ሙያ ዓመታት ሠርቼ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጓንት ከማጥለቄ በፊት ስሌቱን እጨርሳለሁ። ማደንዘዣው ሊዶኬይን ነው፤ 10 በመቶው ስፕሬይ በአንድ ርጭት 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ፈሳሹ ደግሞ 2 በመቶ ከሆነ በሚሊ ሊትር 20፣ 4 በመቶ ከሆነ 40 ሚሊ ግራም ይይዛል። ዲፊከልት ኤርዌይ ሶሳይቲ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ በኪሎ ከ9 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ ኪሎውም ስብ ሳይጨመር የሚታሰበው ነው። ለ50 ኪሎ ሰው ጣሪያው 450 ይሆናል። እኔ ግን 300 ላይ ቆሜ አስባለሁ፤ ጉበቱ ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ከዚያም በፊት።

እንዲህ ጥንቁቅ የሆንኩት ደንግጬ ነው። አንድ ቀን ባልደረባዬ ለአንዲት በሽተኛ ከክፍሉ ውጭ ቀድሞ ረጭቶላቸው ኖሮ፣ እኔ ሳላውቅ ከዜሮ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ትንሽ ቆይተው «ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጆሮዬም ይጮኻል» አሉኝ። የከንፈሩ ከርጭቱም ሊሆን ይችላል፤ የጆሮ ጩኸት ግን ከጉሮሮ አይመጣም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ በዝቷል ማለት ነው። ወዲያው አቆምኩ፣ ኦክስጅን ሰጠሁ፣ ከአጠገባቸው አልተነሳሁም፤ እግዜር ይመስገን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሚሊ ግራሙን ማንም ይርጨው ማን ትሪው ላይ በተለጠፈ ፕላስተር እጽፋለሁ። ለሊዶኬይን መመረዝ በደም ሥር የሚሰጠው 20 በመቶ የቅባት ኢመልሽንም እጄ ከሚደርስበት አይጠፋም።

ምራቅ መድኃኒቱን ያቀጥነዋል፣ ከሥጋውም ያርቀዋል። ስለዚህ የሚከለክል ነገር ከሌለ ምራቅ የሚያደርቀውን ግላይኮፒሮሌት 0.2 ሚሊ ግራም በደም ሥር ቀደም አድርጌ እሰጣለሁ፤ ካልሆነ አፉን በጋዝ ጨርቅ አደርቃለሁ። በሽተኛው ቀና ብሎ ይቀመጥና ምላሱን በጋዝ ጨርቅ ይዞ ራሱ ያወጣል። ራሱ ሲይዘው ማቅለሽለሹ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ምላሱ ላይ እረጫለሁ፤ ቀጥሎ ከእንጥሉ ግራና ቀኝ ባሉት ቅስቶች ሥር፣ ከዚያ ወደ ኋላ። የማቅለሽለሹ ነርቭ የሚያልፈው በነዚያ ቅስቶች ሥር ስለሆነ እዚያ አልቸኩልም። የተረፈውን ይትፋ እንጂ አይዋጥ። ሰዓቴን አይቼ ቢያንስ 3 ደቂቃ እጠብቃለሁ። በመሃል የምነግራቸው አለ፦ «ጉሮሮዎ ያበጠ ይመስልዎታል፤ መዋጥም ይቸግርዎታል። አላበጠም፤ አየሩም አልተዘጋም።» ይህን ያልሰማ በሽተኛ በድንጋጤ ይነሳል። በመጨረሻ ቅስቱን በስፓቱላ እነካዋለሁ፤ ካቅለሸለሸው ጥቂት ደግሜ እንደገና እጠብቃለሁ።

ለሆድ ኢንዶስኮፒ (ካሜራው በጉሮሮ ወደ ጨጓራ ለሚወርድበት ምርመራ) እዚህ ላይ ይበቃል። ከድምፅ አውታሮች በታች ማደንዘዝ በሽተኛውን ከትን የሚጠብቀውን ሳል ከመውሰድ በቀር ጥቅም የለውም።

ብሮንኮስኮፒ ከሆነ ቀሪው በካሜራው ቀዳዳ ይገባል። አውታሮቹ ሲታዩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር 2 በመቶ ሊዶኬይን እላያቸው ላይ፣ ከዚያ መለስ ብሎ መጠበቅ። ሲከፈቱ ማለፍና በታችም መድገም ነው። እዚህ ቢያስል አይክፋችሁ፣ ሳሉ ራሱ ይበትነዋል። በአፍንጫ ለሚገባ ደግሞ አየር በደንብ የሚያልፍበትን ቀዳዳ መርጦ፣ የደም ሥር የሚያጠብብ ጠብታ ካደረጉ በኋላ የሊዶኬይን ጄል ነው፤ ጄሉም ከስሌቱ አያመልጥም።

ስፕሬዩ ቤንዞኬይን የተባለው ሌላ ማደንዘዣ ከሆነ ሌላ ነገር አስቡ። ቆዳው ሰማያዊ እየሆነ፣ ኦክስጅን ጨምራችሁም ሳቹሬሽኑ (በጣት መለኪያ የሚነበበው የደም ኦክስጅን) 85 በመቶ አካባቢ ተቸክሎ ከቀረ ሜትሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን መሸከም ያቃተው ሄሞግሎቢን ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ሜቲሊን ብሉ ነው።

ከተጨረሰ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ምግብም ውሃም የለም። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሹ ፉት ያደርጋል፤ ትን ካለው እንደገና ይጠብቃል። ትኩስ ነገር መጀመሪያ አይሰጥም፣ ሲቃጠል አይሰማውምና።