ይርጋ ሳይቀድማችሁ፦ ለአሠሪም ለሠራተኛም ከአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሰው አግዳሚው ላይ አረፍ ብሎ በደሉን ሊዘረዝር ሲል፣ እኔ አስቀድሜ «የተሰናበትክበት ቀን መቼ ነው?» እላለሁ። ብዙዎች ቅር ይላቸዋል። ሆዳቸው የቋጠረውን ሊያወጡ መጥተው ስለ ቀን ሲጠየቁ ማን ደስ ይለዋል?

ባለፈው ዓመት አንድ የመጋዘን ጥበቃ መጣ። አለቃው «ሰሞኑን እንጠራሃለን» እያሉት አራት ወር ከአሥር ቀን ጠብቋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም መጠየቂያው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። ለውዝፍ ደመወዝ፣ ለትርፍ ሰዓትና ለስንብት ክፍያ ያለው ጊዜ 6 ወር ስለሆነ ገንዘቡን ጠየቅንለት፤ ሥራው ግን አመለጠው። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቆምም። አሠሪው «ይህን ያህል ይገባሃል» ብሎ በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም እናንተ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣን ወይም ለፍርድ ቤት ካቀረባችሁ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ «ነገ ና» የሚላችሁን ሰው «እሺ፣ ጻፉልኝ» በሉት። ካልጻፈላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

«ውል የለኝም» የሚለውም ስጋት ብዙ ነው። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። መታወቂያ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ዝርዝር፣ ከደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ የተቆረጠበት ሰነድ (አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል)፣ አብረው የሠሩ ምስክሮች፣ ሁሉም ይጠቅማል። አንዷ አስተናጋጅ ተራ የሚያዝባትን የግድግዳ ወረቀት በስልኳ አንስታ ይዛ መጥታ ነበር። ብልህ ልጅ!

አሠሪዎችም ይመጡብኛል፤ የሚመጡት ግን ክስ ከደረሳቸው በኋላ ነው። ከክሱ ቀድመው የመጡ አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት ብቻ ትዝ ይሉኛል። ጋጋሪያቸው ከጥምቀት በኋላ ሁለት ቀን ቀርቶ «ሁለተኛ እንዳላይህ» ብለው አባረውታል።

«እትዬ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውታል?»

«ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!»

«በጽሑፍ?»

ዝም አሉ። ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ስንብቱን አስቀድሞ ሳያሳውቁ ወዲያውኑ፣ ለማሰናበት ሠራተኛው ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ መቅረቱ፣ ለዚያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው መሆኑ መታየት አለበት። ማርፈድ ከሆነ ስምንት ጊዜ ነው፤ እርሱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ጥፋቱ ከታወቀ ከ30 የሥራ ቀን በኋላ ደግሞ የማሰናበት መብቱ ራሱ ያልፋል። አንዳንድ አሠሪ ጥፋትን እንደ ቅርስ አስቀምጦ በተጣላ ቀን ያወጣዋል፤ አይሠራለትም።

ከዚያ በወረቀቴ ጀርባ አሰብኩላቸው። ጋጋሪው በቀን 200 ብር ያገኛል፤ አራት ዓመት ሠርቷል። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ 6,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ለሦስት ዓመት ሌላ 6,000። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሰ ካሣው የ180 ቀን ነው፤ 36,000። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሁለት ወር፣ 12,000። ድምሩ 60,000 ብር። እትዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ በማግስቱ ጋጋሪውን መልሰው ጠሩት። የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ እኔው ጻፍኩላቸው፦ የቀረባቸው ቀናት በቁጥር፣ ምክንያት ተጠይቆ የሰጠው መልስ፣ የደረሰበት ቀንና ፊርማ። አልፈርምም ቢል ሁለት ምስክር ይፈርሙበታል። «ጠባይህ አላማረኝም» የሚል ደብዳቤ ችሎት ፊት ክብደት የለውም።

የጋጋሪውን ነገር ካነሣሁ አይቀር ስለ ትርፍ ሰዓት ልበል፤ ሁለቱም ወገን ይሳሳቱበታል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ሌሊት መሥራት ብቻውን ትርፍ ሰዓት አያሰኝም፤ ትርፍ የሚባለው ከመደበኛው በላይ የተሠራው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በሰዓት 25 ብር የሚያገኘው ጋጋሪያችን ሌሊት ሁለት ትርፍ ሰዓት ቢሠራ 87 ብር ከ50 ሳንቲም ይገባዋል። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በደብተር በየቀኑ ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ከትዝታ የተጻፈውን ዳኛ በጥርጣሬ ያየዋል።

በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስብላችሁ አስፈርሙ። አሠሪው ሒሳባችሁን በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይሰጣል። «ሒሳቤን በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብላችሁ ገንዘቡ ሳይቆጠር አትፈርሙ።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። የቤት ሠራተኞች እየመጡ ይህን ሁሉ ሰምተው «እኔስ?» ሲሉኝ፣ አዋጁ እንደማይሸፍናቸውና ጉዳያቸው በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደሚታይ እነግራቸዋለሁ። ማመልከቻውን እጽፋለሁ፤ አንቀጾቹ ግን ያነሱ ናቸው።

የሥራ ክርክር ለፍርድ ቤት ሲቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። ለእኔ ግን የምትከፍሉት አለ፤ ቀኖቹን በሥርዓት አስፍራችሁ ራሳችሁ ከጻፋችሁት እርሱም ይቀርላችኋል።