የጾም ቅንጬዬ ገንፎ መሆኑን እንዴት ተወ

በዚህ ጾም የስንዴ ቅንጬዬ ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። ላዩ ገንፎ፣ ውስጡ ጥሬ። ውሃ ስጨምርበት ይብስ ተጣበቀ።

ለካ አንዱ ችግር ብናኙ ነበር። እዚህ ባሕር ዳር ከገበያ የገዛሁትን የተከካ ስንዴ በወንፊት ስነፋው ግማሽ ሲኒ ዱቄት ወጣው። ዱቄቱን ለሙቅ አስቀመጥኩት። ስንዴውን ደግሞ ቆሎ ቆሎ እስኪሸት በደረቅ ድስት አመስኩት።

ሌላው እሳቱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ እህሉ ጊዜ ይፈልጋል። እሳት መጨመር ውሃውን ከማትነን በቀር አያበስለውም። አሁን ለ1 ብርጭቆ ስንዴ 2 ብርጭቆ ተኩል የፈላ ውሃ አደርጋለሁ። እከድነዋለሁ፣ እሳቱን እቀንሳለሁ፣ 25 ደቂቃ አላማስለውም። ካወረድኩት በኋላም እንደተከደነ 10 ደቂቃ ይቆያል።

ጣዕሙስ? እናቴ «ዘይቱን እንደ ቅቤ አንጥሪው እንጂ!» አለችኝ። ኮሰረት፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ በለስላሳ እሳት አነጠርኩት። አጥልዬ ትኩሱ ቅንጬ ላይ አፈሰስኩበት። ፍሬው አንድ በአንድ ተለያይቶ አብለጨለጨ። ቤቱ ገና በጾሙ የፋሲካ ቤት ሸተተ።