ድሬን ይዘው ቤት ሲገቡ፦ አያያዙና እንቅስቃሴው

ከትንሽ ቀዶ ጥገና በኋላም ቢሆን ከቁስሉ ሥር የሚወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉ ላይ የጎማ ኳስ ያለው፣ ተደርጎልዎት ወደ ቤት ሊላኩ ይችላሉ። ድሬን ይባላል። ቆዳ ሥር የሚጠራቀመውን ደምና ፈሳሽ ስቦ ያወጣል። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ግን ይለመዳል።

ኳሱ የሚስበው ተጨምቆ ጠፍጣፋ እንደሆነ ሲዘጋ ነው። አየር ገብቶ ከተነፋ አይስብም። ሌላው ሁሉ ቢረሳዎት ይህችን አይርሱ።

ሐኪምዎ የተለየ ነገር ካላዘዙ በቀን 2 ጊዜ፣ ወይም ኳሱ ግማሽ ሲሞላ ያፍስሱት። አስቀድመው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ክዳኑን ይክፈቱና ፈሳሹን መለኪያ ኩባያ ላይ ይገልብጡ። የክዳኑን አፍ በጣት አይንኩት። ከዚያ ኳሱን ጭምቅ ያድርጉና እንደጨመቁት ይዝጉ። ቀድመው ከዘጉት አየሩ መውጫ ያጣል።

ቱቦው ውስጥ የረጋ ደም ካዩ፣ እንዴት እንደሚገፋ አሳይተውዎት ከሆነ፣ በአንድ እጅ ቱቦውን ቆዳው አጠገብ አጥብቀው ይያዙ። በሌላው እጅ ጣቶች ጫን እያሉ ወደ ኳሱ ይግፉት። ቆዳው አጠገብ ያለው እጅ ከለቀቀ ስፌቱ ይጎተታል።

ያፈሰሱትን በሚሊ ሊትር ከነሰዓቱና ከነቀለሙ ይጻፉ። ሐኪሙ ቱቦውን ለማውጣት የሚወስነው ይህን አይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ። ቀለሙ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ኳሱን ከቁስሉ ዝቅ አድርገው በመርፌ ቁልፍ ልብስዎ ላይ ያያይዙት። ተንጠልጥሎ አይቅር።

እረፍት ማለት አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ቤት ውስጥ ቶሎ ቶሎ ወዲያ ወዲህ ይበሉ፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ በላይ ግን እስኪፈቀድልዎት አያንሱ። ልጅም ሸክም ነው። እቀፉኝ ካለ ተቀምጠው ከጎንዎ ያስጠጉት። ከእንቅስቃሴ በኋላ ፈሳሹ ከጨመረ ወይም ከቀላ፣ በዝቶብዎታል ማለት ነው፤ ቀነስ ያድርጉ። የሚያደነዝዝ ማስታገሻ እየወሰዱ መኪና አይንዱ። ገላ መታጠብን ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ይቅር።

ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ደማቅ ደም በብዛት ከመጣ፣ ወይም ፍሳሹ በድንገት ቆሞ ቁስሉ ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉ። ቱቦው ከወጣም መልሰው አይክተቱት። ቦታውን በንጹህ ጎዝ ሸፍነው ጫን ያድርጉና ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ።