ከአናንዳ ልብስ እስከ ጅማ ኬሻ፦ በኪራይ ግቢ የቡና ገለፈት ብስባሽ አሠራር

በቡድሂስቶች የገዳም ሥርዓት መጻሕፍት ውስጥ ንጉሥ ኡዴና መነኩሴውን አናንዳን «500 ልብስ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልብሳቸው ላለቀባቸው መነኮሳት ይታደላል ይለዋል። አሮጌው የአልጋ ልብስ ይሆናል፤ እሱ ሲያረጅ የፍራሽ ልባስ፣ ቀጥሎ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ የእግር መጥረጊያ፣ ቀጥሎ የአቧራ መወልወያ። በመጨረሻ ተከትክቶ ከጭቃ ጋር ይቦካና ወለል ይለቀለቅበታል። ጭድ ከጭቃ አቡክቶ ቤት ለሚመርግ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ከቡድሂስቶች አስተሳሰብ ለሠራተኛ ሰፈር የሚበጀው ይህ አሮጌን እስከ መጨረሻው የመጠቀም ነገር ነው። «ፍላጎትን ቀንሱ» የሚለው በገዛ ፈቃዱ ለመነነ ሰው የተባለ ነው፤ ቡና ለቅማ የዕለት እንጀራዋን የምትገዛ ሴት ከምኗ ትቀንስ? ቡድሃ ሲጋላ ለሚባል ወጣት የሰጠው ምክርም ገቢን ከአራት ከፍሎ አንዱን ለኑሮ፣ ሁለቱን ለሥራ፣ አንዱን ለክፉ ቀን ይላል። ለቀን ሠራተኛ አይሆንም። የዚያው ምክር ሌላ ክፍል ግን አሠሪን ይመለከታል፦ ሥራን በአቅም ልክ ስጥ፣ ምግብና ደመወዝ ክፈል፣ ሲታመም አስታም፣ በጊዜው አሳርፍ።

እ.ኤ.አ. በ1958 በስሪ ላንካ በአሪያራትኔ የተጀመረው ሳርቮዳያ የተባለ የቡድሂስት የመንደር ልማት እንቅስቃሴ መሣሪያው «ሽራማዳና» ነው፤ የጉልበት ስጦታ ማለት ነው። ጉልበቱን በቀን ለሚሸጥ ጫኝና አውራጅ ግን ስጦታ ውድ ነው። ስለዚህ የቡና ገለፈት ብስባሹን በደቦ ሥሩት፤ በደቦ የወጣ ጉልበት ይመለሳል። ከአራት እስከ ስድስት ቤተሰብ ተራ ይግባ፤ ተራውም በየእረፍት ቀን እንጂ ከለቀማ ለደከመች ሴት ማታ ማታ አይጣል።

በግቢው ጉድጓድ አትቆፍሩ። አከራዩ ልቀቁ ካለ የአራት ወር ልፋት እዚያው ይቀራል። ባለ 50 ኪሎ የላስቲክ ማዳበሪያ ተጠቀሙ (ስሙን በእውነት የሚያገኘው እዚህ ነው)፤ በሚስማር በየ20 ሳንቲሜትሩ ብሱት፣ ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጡት። ለመገልበጥ ሁልጊዜ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ይኑራችሁ። ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ ላስቲኩ ይሰነጣጠቅና ክሩ ከአፈር ይቀላቀላል፤ ያን ክር ለቅሞ የሚጨርሰው የለም።

ገለፈቱን ከቡና መፈልፈያ ቤት ጠይቁ። ሲዛቅ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ውሃ እየረጫችሁ ዛቁ፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ደረቅ ገለፈት ውሃ ቶሎ አይጠጣም፤ ሌሊቱን ዘፍዝፉት። በማግስቱ 4 ባልዲ ገለፈት፣ 2 ባልዲ የአትክልት ልጣጭና ለምለም ሣር፣ 1 ባልዲ የከብት እበትና አንድ ሁለት ጭብጥ አፈር ደባልቁ። አመድ ከአንድ ጭብጥ አይለፍ። እንጀራ፣ ወጥና አጥንት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። ማዳበሪያው ሦስት አራተኛ ሲሞላ በላዩ 5 ሳንቲሜትር ገለፈት አልብሱ፤ ዝንብ የሚከለክለው ይህ ነው። ከዚያ እርጥብ ኬሻ ጣሉበት።

ኬሻው የአናንዳን መንገድ ይሂድ፦ ቡና ከያዘ በኋላ ምንጣፍ፣ የበር እግር መጥረጊያ፣ የብስባሽ ክዳን፤ ሲቀደድ ከትክታችሁ ወደ ውስጥ ክተቱት። በመጀመሪያ ግን አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉ። ወደ አመድ ከተለወጠ ይበሰብሳል፤ ቀልጦ እንክብል ከሠራ ላስቲክ ነው፣ አይግባ።

በየሁለት ሳምንቱ ወደ ባዶው ማዳበሪያ ገልብጡ። በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ የሚወጣው እርጥበት ልክ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ደረቅ ገለፈት ጨምራችሁ ገልብጡ። የሽንት ሽታ ካለው እበት ወይም ለምለም ነገር በዝቷል፤ መድኃኒቱ ያው ገለፈት ነው። ጉንዳን ከገባበት ደርቋል። ከሳምንታት በኋላም ካልተለወጠ ውሃና እበት ጎድሎታል። ማዳበሪያ ትንሽ ስለሆነ እንደ ትልቅ ክምር አይግልም፤ የአረም ዘር አይሞትምና ዘር ያፈራ አረም አታስገቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም አፉን አስራችሁ ከጣሪያ ሥር አኑሩት፤ የጠፈጠፍ ውሃ ከሚወርድበት ግን አርቁት።

ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ ቢኖረውም አትቸኩሉ። ያልበሰለ ገለፈት ካፌይንና ታኒን ስላለው ተክል ያቀጭጫል። ጣሳ ውስጥ ብስባሽ አድርጋችሁ 20 ፍሬ ፌጦ ዝሩ፣ ሌላ ጣሳ ላይ በተራ አፈር እንዲሁ። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል። የብስባሹ ከአፈሩ እኩል ካልበቀለ ወደ ማዳበሪያው መልሳችሁ አንድ ወር ጠብቁ። ከበሰለ አንድ እጅ ብስባሽ ከሦስት እጅ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ ጎመን ትከሉበት። ክፍፍሉ በተራው ልክ ይሁን፤ ሦስት ጊዜ የገለበጠ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ከገለበጠው ሦስት እጥፍ ይውሰድ፤ ግቢ የሚለቅም ድርሻውን በኬሻ ይዞ ይውጣ።