የጀርመን ግዛቶችን ሳንቲም ስትመድቡ

የድሮ ሳንቲም ለምትሰበስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጀርመኖቹን ሁሉ «ጀርመን» ብላችሁ አንድ ላይ አትክተቱ። እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ድረስ ፕሩሺያም፣ ባቫሪያም፣ ሳክሶኒም የየራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው። መጀመሪያ በግዛት ለዩ፣ ቀጥሎ በገንዘብ ዓይነት፣ ከዚያ በዓመት። በጥቅሉ የሰሜኑ ገንዘብ ታለር፣ የደቡቡ ጉልደን ነው። ስሙ አንድ ሲሆንም ዝርዝሩ ይለያያል። በ1850ዎቹ የፕሩሺያም የሳክሶኒም ታለር 30 ግሮሽን ነበር፤ አንዱ ግሮሽን ግን ፕሩሺያ ውስጥ 12 ፕፌኒግ፣ ሳክሶኒ ውስጥ 10 ነው።

የሚያምታታው ግዛቶቹ አንድ አገር ከሆኑ በኋላ የመጣው የጋራ ገንዘብ፣ የማርክ ዘመን ነው። 1 ማርክና ከዚያ በታች ያሉት ለመላው አገር አንድ ዓይነት ናቸው። ባለ 2፣ 3 እና 5 ማርክ የብር ሳንቲሞቹ ግን የየግዛቱን ገዥ መልክ ወይም የነጻ ከተማ (ራሱን የቻለ የከተማ ግዛት) አርማ ይዘዋል፤ እነሱን በግዛታቸው መድቡ። የላቲኗን «ኤ» ፊደል አይታችሁ «ፕሩሺያ» እንዳትሉ። ፊደሏ የምትናገረው በርሊን መቀረጹን ብቻ ነው፤ የሌላው ግዛት፣ የአንሃልት ሳንቲምም እዚያ ተቀርጿል። የገዥውን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። ዳግማዊ ቪልሄልም የሚባል ንጉሥ ፕሩሺያም ቩርተምበርግም ነበራቸውና!

ማርትሬዛ ካላችሁ ደግሞ ቦታው ኦስትሪያ ነው። 1780 የሚለውን ግን የተቀረጸበት ዓመት ብላችሁ አትመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲቀረጽ ኖሯል።