ግቢ ከመግባታችሁ በፊት፦ ለተማሪ የሚሆን የባንክ ሂሳብ አመራረጥ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጥቶ ሻንጣ መሸከፍ ሲጀመር፣ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይዞ የሚሄደው ሰፈር ውስጥ ወዳለው ባንክ ነው። እናት ወይም አባት እዚያ ደንበኛ ናቸው፣ ሠራተኞቹም ያውቋቸዋል፣ ሂሳቡ በግማሽ ቀን ያልቃል። ችግሩ የሚታየው ተማሪው የተመደበበት ከተማ ከደረሰ በኋላ ነው። የዚያ ባንክ ቅርንጫፍ መሀል ከተማ፣ ከግቢው የባጃጅ መንገድ ርቆ ይገኛል፤ ወይም ጭራሹን የለም። ስለዚህ ሂሳብ ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የት ይወጣል?

ከመምጫው እንጀምር። የኪስ ገንዘብ የሚልክላችሁ ሰው የትኛውን ባንክ እንደሚጠቀም ጠይቁ። ላኪውና ተቀባዩ አንድ ባንክ ከሆኑ ዝውውሩ ወዲያው ይገባል፣ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው የጋራ የክፍያ ሥርዓት፣ በኢትስዊች በኩል ከባንክ ወደ ባንክ መላክም ይቻላል፤ የሚያስከፍለው ግን ይለያል፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅም ቀድሞ የሚቆመው ይኸኛው መስመር ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነን ካፌ ለመሆን፣ ማለትም በግቢው ካፌ መመገቡን ትታችሁ የምግቡን ገንዘብ በእጃችሁ ለመቀበል ካሰባችሁ ደግሞ የምግቡን ገንዘብ ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለው በየትኛው ባንክ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። በብዙ ግቢ ይህ ባንክ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ ሌላ ቦታ ሂሳብ ያለው ተማሪ አዲስ ለመክፈት ተሰልፎ የመጀመሪያውን ክፍያ ከሌሎች ኋላ ያገኛል። በግል ኮሌጅ የምትማሩም ክፍያው የሚገባበትን ባንክ ጠይቁ። ኮሌጁ ሁለት ወይም ሦስት ባንክ ከሰጣችሁ ከእነሱ አንዱን መያዝ በየወሩ ሰልፍ ያስቀራል።

መውጫው ላይ ደግሞ ቁጥር ውስጥ የሚገባው ከግቢው በር በእግር 10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ኤቲኤም እንዳለ ነው። መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መሥራቱን የሚያውቁት ነባር ተማሪዎች ናቸው። የተመደባችሁበትን ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በቴሌግራም ፈልጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ቅዳሜና እሑድ ማሽኑ ብር ይኖረዋል ወይ? መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? የወሩ መጨረሻ ሰልፍ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ግቢ ውስጥ አንድ ማሽን ብቻ ያለው ባንክ፣ ከበሩ ውጭ ሦስት ማሽን ካለው ባንክ ሊያንስ ይችላል።

በኢትስዊች ምክንያት የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ይሠራል። እፎይታ ነው፤ ግን በነፃ አይደለም። የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል፣ በክፍያው ላይም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። በሌላ ባንክ ማሽን አንድ ጊዜ ማውጣት 5 ብር ያስከፍላል እንበል። በወር 6 ጊዜ የሚያወጣ ተማሪ 30 ብር ከፍሎ 4 ብር ከ50 ታክስ ይጨምራል፤ በ10 ወር 345 ብር ይሆናል። እውነተኛውን ቁጥር ከባንኩ የታሪፍ ሰሌዳ ውሰዱና በ5 ብሩ ቦታ አስገቡ። ታሪፉ ቅርንጫፍ ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል፤ ካልተለጠፈ ጠይቁ፣ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

አሁን ይህን ከወለድ ጋር አስተያዩት። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ዓመቱን ሙሉ በአማካይ 2,000 ብር ሂሳቡ ላይ የሚያቆይ ተማሪ በ7 በመቶ 140 ብር ወለድ ያገኛል፤ ከዚያም ላይ ግብር ይቆረጣል። ሌላ ባንክ ግማሽ በመቶ ቢጨምርለት ልዩነቱ በዓመት 10 ብር ነው፤ አንድ ማኪያቶ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ የወለድ ማስታወቂያ የሚያጓጓው ብዙ ተቀማጭ ያለውን ሰው ነው። የተማሪን ገንዘብ የሚበላው ክፍያ ነው፣ ማወዳደር ያለባችሁም እሱን ነው፦ የካርድ ማውጫ፣ የካርድ ማሳደሻ፣ የጠፋ ካርድ መተኪያ፣ የመልእክት ማሳወቂያ፣ ወደ ሌላ ባንክ ማዘዋወሪያ።

ሂሳቡ የቁጠባ ይሁን። ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ቼክ ለሚጽፍ ነጋዴ የተሠራ ነው፣ ወለድም አይታሰብበትም። በርካታ ባንኮች “የተማሪ” ወይም “የወጣቶች” የሚል ስም የሰጡት ቁጠባ አላቸው። ስሙ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መክፈቻው በዜሮ ብር ነው? ካርዱ በነፃ ነው? ተመርቃችሁ ስትወጡ ወደ መደበኛ ሂሳብ ሲቀየር ቁጥሩ ያው ይሆናል? ለሦስቱም “አዎ” ካላገኛችሁ ተራ የቁጠባ ሂሳብ ያው ነው። አንዳንዱ የወጣቶች ሂሳብ ገንዘብ ማውጣትን ስለሚገድብ እሱንም አጣሩ፤ ለቁጠባ ማበረታቻ የተባለው ገደብ በፈተና ሰሞን ኮፒ የምታስነሱበትን ብር ሊይዝባችሁ ይችላል።

ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ በ2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ፤ አብዛኞቹ ነባር ባንኮችም ወለድ አልባ መስኮት ከፍተዋል። እዚያ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ወዲዓ ገንዘባችሁን በአደራ የሚያስቀምጥ ሲሆን ትርፍም ኪሳራም የለውም፤ ሙዳረባ ደግሞ በትርፍ የሚያጋራ ነው። ለዕለት ወጪ ወዲዓ ይበቃል። ፎርም ስትሞሉ “ወለድ አልባ” ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ዝም ካላችሁ የሚከፈትላችሁ መደበኛው ነው።

ትንሽ ወይም አዲስ ባንክ ቢከስርስ ብሎ የሚሰጋ ወላጅ አይጠፋም። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የተማሪ ገንዘብ ከዚያ በታች ስለሆነ ምርጫችሁን በዚህ ስጋት አትወስኑ።

ከውጭ አገር የሚልክ ዘመድ ላለው ተማሪ ግን ሌላ ስሌት አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ምንዛሬ በገበያ ስለሚወሰን ባንኮች የሚከፍሉት ዋጋ ይለያያል። ላኪው በሚልክበት ቀን የሁለት ሦስት ባንክ ዋጋ ይመልከት። በተቀባይ ስም ላይ የአንድ ፊደል ስህተት ካለ ገንዘቡ ይታገዳልና መታወቂያችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ በስልክ ማስፊደል አያስተማምንም።

ወደ መክፈቻው እንምጣ። ብሔራዊ ባንክ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያን ግዴታ ያደረገው ከአዲስ አበባ በመጀመር፣ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም አንስቶ ነው። ካርዱ ገና ባይታተምላችሁም 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥራችሁና ስትመዘገቡ የሰጣችሁት ስልክ በእጃችሁ ይኑር፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በዚያ ስልክ ነው። የወንድማችሁን ወይም የእናታችሁን ቁጥር ሰጥታችሁ ከነበረ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ቀይሩት። የተማሪ መታወቂያ ወይም የምደባ ወረቀትም ያዙ፤ የተማሪ ሂሳብ የሚከፍት ባንክ ይጠይቃችኋል። ዕድሜያችሁ 18 ካልሞላ ብቻችሁን ፈርማችሁ መክፈት ስለማትችሉ ወላጅ ወይም ሞግዚት ይምጣ።

ኋላ ትልቁን ራስ ምታት የሚያመጣው ስም ነው። በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስት ዓይነት ይሆናል። “ፀሐይ” ፋይዳ ላይ በአንድ መንገድ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በሌላ፣ ባንክ ላይ በሦስተኛ ከተጻፈ ዩኒቨርሲቲው ክፍያ ሲልክ ስምና ሂሳብ አልገጠመም ተብሎ ይመለሳል። ሬጅስትራር የያዘውን አጻጻፍ ከፋይዳው ጋር አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ከባንኩ በፊት እሱ ይስተካከል። ስም ከነአያት፣ በሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ቦታ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ቦታ በአውሮፓ አቆጣጠር ከተመዘገበ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲያዛንፍ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ።

ቅርንጫፉን ሳትለቁ የሞባይል ባንኪንግ ምዝገባውን ጨርሱ። ሠራተኛው “ነገ ይነሳላችኋል” ቢላችሁም እዚያው ቆማችሁ ሞክሩት። ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራውን አጭር ቁጥርም አስመዝግቡ፤ በንግድ ባንክ *889# ነው። ካርድ ለመሙላት ብር ባነሰበትና ዋይፋይ በማይሠራበት ዶርም ውስጥ ከመተግበሪያው ይልቅ የሚያድነው ይኸኛው ነው። ከዚያም 50 ብር አስገቡ፣ 10 ብር ወደ ቤተሰብ ላኩ፣ መልሰው ይላኩላችሁ። ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ መልእክት ካልደረሳችሁ ስልኩ በስህተት ተመዝግቧል ማለት ነው፤ ያኔውኑ አስተካክሉት።

ሲም ካርዱ በራሳችሁ ስም የወጣ ይሁን። በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ስልኩ ሲሰረቅ ምትክ ማውጣት የሚችለው ያ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ጎንደር እናንተ ጅማ ከሆናችሁ ሳምንቱ አለቀ። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ ቁጥር ስትቀይሩ ባንኩን ቀድማችሁ አሳውቁ።

“ቴሌብር እያለ ባንክ ምን ያደርጋል?” የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ለሻይ፣ ለካርድ፣ ለታክሲ ቴሌብር ይበቃል፤ በ*127# ስለሚሠራ ተራ ስልክም ላይ አይከብድም። የሚሻለው ሁለቱን አያይዞ መጠቀም ነው፦ የወሩ ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ፣ የሳምንቱ ወጪ ብቻ ወደ ቴሌብር ይሂድ። ስልኩ ቢጠፋ የሚያሰጋችሁ የሳምንቱ ብር ብቻ ይሆናል። ሁለቱ አንድ የምስጢር ቁጥር አይኑራቸው፤ የልደት ዓመትማ በፍጹም።

ኤቲኤሙ ብር ሳይሰጥ ከሂሳብ ቢቀንስ ማሽኑን አትደብድቡ። ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቦታና የብሩን መጠን ጻፉ፣ ወረቀት ከወጣ ያዙት። አቤቱታ የሚቀርበው ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ እንጂ ለማሽኑ ባለቤት አይደለም፤ ብዙ ተማሪ ማሽኑ ያለበት ቅርንጫፍ ገብቶ ሲከራከር ይውላል። አንዳንዴ ብሩ ራሱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ በጽሑፍ አመልክታችሁ የተቀበሏችሁን ሠራተኛ ስም ያዙ። ስትልኩ ደግሞ ከማጽደቃችሁ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም እስከ አባት ስሙ አንብቡት። ለተሳሳተ ሰው ከሄደ በኋላ ማስመለሱ ረጅም መንገድ ነው፤ ያም ሆኖ ለባንኩ በቶሎ መንገር ነው።

ሂሳባችሁ ላይ የማታውቁት ብር ብታዩስ? መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም አጥቢያ የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣት ሲችሉ፣ በየግቢው ኤቲኤም የተሰለፉት በብዛት ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያለአግባብ የወጣውን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ገልጾ፣ ያልመለሱትን በስምና በፎቶ እስከ መለጠፍ ደርሷል። እያንዳንዱ ዝውውር በስማችሁ ተመዝግቦ ይቀራልና የናንተ ያልሆነውን ብር አትንኩ፤ ለባንኩ ደውሉ፣ የንግድ ባንክ የጥሪ ማዕከል 951 ነው።

ግቢ ውስጥ “ሂሳብህን ለአንድ ቀን አውሰኝ፣ ብር ይገባልሃል፣ አውጥተህ ትሰጠኛለህ፣ 500 ብር ያንተ” የሚል ሰው ይገጥማችኋል። የሚገባው ብር ብዙውን ጊዜ ከተጭበረበረ ሰው ወይም ከሕገወጥ ሐዋላ የመጣ ነው። ፖሊስ ሲከተል መጀመሪያ የሚያገኘው የሂሳቡን ባለቤት እንጂ ያንን ሰው አይደለም፤ ሂሳቡ ታግዶ የነን ካፌው ገንዘብም አብሮ ይቆማል። የጓደኛ ጓደኛ ቢሆንም፣ የአገር ልጅ ቢሆንም መልሱ አንድ ነው።

ስትመረቁ ሂሳቡን ለመዝጋት አትቸኩሉ፤ የመጀመሪያ ቀጣሪያችሁ ደመወዙን በሌላ ባንክ ቢከፍልም ከዩኒቨርሲቲው የሚመለስ ገንዘብ ካለ የሚገባው በድሮው ነው። ሳይንቀሳቀስ ብዙ የቆየ ሂሳብ ግን ይታገዳል፣ ለማስነሳትም ከፋይዳ ጋር በአካል መቅረብ ይጠይቃል። በየጥቂት ወሩ 10 ብርም ቢሆን አስገቡበት፤ ከተማ ከመልቀቃችሁ በፊትም የትኛውም ቅርንጫፍ ሊያስነሳው ይችል እንደሆነ ወይም የግድ ወደ ከፈታችሁበት መመለስ ይኖርባችሁ እንደሆነ ጠይቃችሁ ሂዱ።